በወንድ ያላለቀ ዕውቀት

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል የአገራችን ተረት። ይህን ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ እንደ አየርና እንደ ውኃ ከልጅነቴ ጀምሮ በዙሪያዬ ነበር። በሽምግልና ሸንጎ ሲጠቀስ ሰምቻለሁ፤ በሠርግ ቤት ለሣቅ ሲወረወር ሰምቻለሁ፤ ሴቶች ራሳቸው በገዛ ሴት ልጆቻቸው ላይ ሲተርቱትም ሰምቻለሁ። ቆም ብዬ ትርጉሙን የመረመርኩት ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ስለ አንድ የወለል መወልወያ የተሠራ ፊልም አይቼ ከተነሣሁ ወዲህ ነው።

ስለ መወልወያ ደግሞ ፊልም ይሠራልን? ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። «ጆይ» የተሰኘውን ይህን ፊልም የጻፈውና ያዘጋጀው ዴቪድ ኦ. ራስል ሲሆን፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በ2015 የገና ዕለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ጄኒፈር ሎረንስ ናት። ፊልሙ የተመሠረተባት ሴት ጆይ ማንጋኖ ትባላለች፤ በሕይወት ያለች፣ በኒው ዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ ያደገች ሴት ናት። «ጆይ» በቋንቋቸው ደስታ ማለት ነው። ደስታ የሚል ስም የተሸከመች ሴት ደስታ በራቀው ቤት ውስጥ ስትንከራተት ነው ፊልሙ የሚጀምረው።

ቤቱን ላስተዋውቃችሁ። እናት ከአልጋዋ አትወርድም፤ ቀኑን ሙሉ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ስትመለከት ትውላለች። የተፋታችው ባል ምድር ቤት ይኖራል፤ ዘፋኝ የመሆን ሕልሙን ገና አልተወም። ከእናቷ የተለየው አባትም ሌላ ሴት አባረረችውና ያው ምድር ቤት ገብቶ ከቀድሞ አማቹ ጋር ይጋራል። ሁለቱ ልጆች አሉ። አያት አለች፤ የዚህች ልጅ ዕጣ ከሌላው የተለየ ነው ብላ የምታምን እሷ ብቻ ናት። የተበላሸውን ቧንቧ የምታስጠግነው ጆይ፣ ዕዳውን የምትከፍለው ጆይ፣ ጸቡን የምታበርደው ጆይ። የምሰሶን ነገር ማንም አያነሣውም፤ ሰው ምሰሶ መኖሩን የሚያውቀው ቤቱ ሲያዘም ነው።

አንድ ቀን አባቷ የወዳጃት ባለጸጋ መበለት ቤተሰቡን በመርከብ ላይ ትጋብዛለች። ብርጭቆዎች ይሰበራሉ፤ ቀይ ወይን ጠጅ በእንጨቱ ወለል ላይ ይፈስሳል። ወለሉን ለመወልወል ዝቅ የምትለው ያው ጆይ ናት። መወልወያውን በእጇ ስትጨምቅ በክሩ ውስጥ የተሰገሰገው ስብርባሪ መዳፏን ይቆርጠዋል። ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ እጇን በፋሻ ጠቅልላ፣ በልጇ የቀለም እርሳስ መሣል ትጀምራለች፤ ሰው እጁን ሳያስነካ ራሱን የሚጨምቅ መወልወያ።

ይህን ትዕይንት ሳይ የታየችኝ እናቴ ነበረች።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የቤታችንን ወለል በጉልበቷ ተንበርክካ በጨርቅ ስትወለውል ኖራለች። ኋላ ግን ጉልበቷን እያመማት መንበርከክ አቃታት። አንድ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ስገባ፣ አሮጌ ጆንያ በቁመቱ ቀዳ፣ ከመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ጋር በሽቦ ጠፍራ፣ ቆማ ስትወለውል አገኘኋት። ሽቦውን ጠምዝዛ ደግሞ መሐሉ ላይ መቆንጠጫ ነገር አበጅታለታለች፤ እንጨቱን ሲያዞሩት ጆንያው ይጠመዘዛል፣ ውኃውም ይወርዳል። እኛ ሣቅን። ከመካከላችን አንዱ «ምን ዓይነት አሻንጉሊት ነው?» አለ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ውኃውን ልትደፋ ወጣች። ፊልሙን ሳይ ያ ሣቅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እሱ ነው።

*

ፊልሙ እውነት ነው ወይስ ልብ ወለድ? ራሱ ፊልሙ በመግቢያው ላይ ደፋር በሆኑ ሴቶች እውነተኛ ታሪክ፣ በተለይም በአንዲቷ ታሪክ መነሣሣቱን ይናገራል። ስለዚህ የአንዲት ሴት ዜና መዋዕል ብቻ አይደለም፤ የብዙዎች ታሪክ ተጨምቆ የወጣበት ነው። ቢሆንም የታሪኩ አጥንት የማንጋኖ ነው።

ማንጋኖ የተወለደችው በ1956 ነው። ገና ተማሪ ሳለች በእንስሳት ሐኪም ቤት ስትሠራ፣ ውሾችና ድመቶች በጨለማ በመኪና እንዳይገጩ የሚያበራ የቁንጫ መከላከያ የአንገት ማሰሪያ አሰበች። አሰበች እንጂ አላስመዘገበችም። በዓመቱ አንድ ትልቅ ኩባንያ ተመሳሳዩን ለገበያ አቀረበ። ፊልሙ ይህን ቁጭት አልዘነጋውም። የመጀመሪያው ትምህርቷ ይህ ነበር፤ ያሰብከውን ነገር በስምህ ካላስጻፍከው የሌላ ነው።

በ1978 ከፔስ ዩኒቨርሲቲ በንግድ ሥራ አስተዳደር ተመረቀች፤ ባል አገባች፤ ልጆች ወለደች፤ በ1989 ተፋታች። መወልወያውን የሠራችው በማግስቱ ዓመት በ1990 ነው። የሚገርመው፣ በፊልሙ እሷን ሆና የተጫወተችው ጄኒፈር ሎረንስ የተወለደችውም በዚያው ዓመት ነው። የመወልወያው ራስ 300 ጫማ፣ ማለትም 90 ሜትር ያህል ርዝመት ካለው ያልተቆራረጠ የጥጥ ክር የተሠራ ነው። ክሩ ጫፍ ስለሌለው አይበተንም፤ መያዣውን በማዞር ብቻ ራሱን ይጨምቃል። ከቁጠባዋና ከዘመድ ወዳጅ ባገኘችው ገንዘብ መጀመሪያ 100 ያህል ብቻ አሠርታ በንግድ ትርዒትና በሰፈር ሱቆች ሸጠች። በ1992 ኪውቪሲ በተባለው የቴሌቪዥን መደብር ራሷ ቀርባ ስታሳይ፣ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ 18 ሺህ መወልወያ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ስለ ቴሌቪዥን ገበያ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በቤት ተቀምጦ በስልክ የመግዛት ዘዴ በአሜሪካ የተስፋፋው በ1980ዎቹ ነው። መጀመሪያ በፍሎሪዳ ሆም ሾፒንግ ኔትወርክ የተባለው ጣቢያ ተነሣ፤ በ1986 ደግሞ ኪውቪሲ በፔንስልቬንያ ተቋቋመ። ከዚያ በፊት አዲስ ዕቃ የሠራ ሰው የትልልቅ መደብሮችን ዕቃ ገዢዎች በራፍ ማንኳኳት ነበረበት። ከበራፉ ጀርባ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወለል ወልውለው የማያውቁ ነበሩ። መወልወያ ምን እንደሚጎድለው ለማያውቅ ሰው የተሻለ መወልወያ መሸጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገምቱት። ቴሌቪዥን ያንን በራፍ ዘልሎ የሠራችውን ሴት ከምትጠቀመው ሴት ጋር ፊት ለፊት አገናኘ።

የፊልሙን ምርጥ ትዕይንት ያስገኘውም ይህ ነው። መጀመሪያ አንድ የጣቢያው አቅራቢ መወልወያውን ለማሳየት ይሞክራል፤ አሠራሩን ስላላወቀው ይደናበራል፤ አንድም አይሸጥም። ጆይ ቤቷን በዋስትና አስይዛ በብድር ያሠራችው ዕቃ ሊከስር ነው። እኔው ራሴ ልቅረብ ብላ ትሟገታለች። ያማረ ቀሚስ ሊያለብሷት ይሞክራሉ፤ በአዘቦት ሸሚዟና ሱሪዋ እቀርባለሁ ትላለች። መብራቱ ሲበራ አንደበቷ ይታሠራል። ጓደኛዋ ገዢ መስላ ስልክ ትደውልና ከድንጋጤዋ ታነቃታለች፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አያባራም። በፊልሙ ውስጥ እናትን አልጋ ላይ አስሮ ያስቀመጠው ያ የቴሌቪዥን መስኮት፣ ልጅን ደግሞ ከቤት ያወጣ በር ሆነ። አዘጋጁ ይህን በቃል አይነግረንም፤ ግን አስቦበታል ብዬ አምናለሁ።

ማንጋኖ ኋላ ከመቶ የሚበልጡ የፈጠራ መብቶችን ለማስመዝገብ በቅታለች፤ ልብስ የማያንሸራትተው መስቀያዋ ከመወልወያው ይበልጥ ተሸጧል። ኩባንያዋን በ1999 ለሆም ሾፒንግ ኔትወርክ ባለቤቶች ሸጠችው። የቀድሞ ባሏ ወዳጅዋ ሆኖ መቆየቱም፣ በፊልሙ እንደታየው ሁሉ፣ እውነት ነው።

*

ይሁንና ፊልሙን ጨርሼ ስነሣ አንድ ነገር ከነከነኝ። በፊልሙ መጨረሻ ጆይ ፈጠራዋን ሊነጥቋት የተነሡትን ሰዎች ሰነዶቹን አንድ በአንድ አገላብጣ ትደርስባቸዋለች። በመስተዋት ፊት ጸጉሯን በገዛ እጇ ትቆርጣለች፤ ወደ ቴክሳስ ትበራለች፤ በአንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ባለጋራዋን በማስረጃ ታፋጥጠዋለች፤ እሱም ይረታል። ትዕይንቱ ያምራል። ግን የአንዲት ሴት ሐሳብ የሷ መሆኑን ማሳመን እንዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነገር ነውን? ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄው ወደ ኋላ ወደ 19ኛው መቶ ዘመን ወሰደኝና ከማርጋሬት ናይት ጋር አገናኘኝ።

ማርጋሬት ናይት በ1838 በሜይን ግዛት ተወለደች። አባቷ የሞተው ልጅ ሳለች ነው። እኩዮቿ በአሻንጉሊት ሲጫወቱ እሷ ሰንጢና የእንጨት ቁራጭ ይዛ ለወንድሞቿ የሚበር ካይትና በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ትሠራ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት በኒው ሃምፕሸር በሚገኝ የጥጥ ፋብሪካ ተቀጠረች። እዚያም ከሽመና መኪናው የተፈናጠረ ጫፉ ብረት የሆነ መወርወሪያ ሠራተኛ ሲያቆስል በዓይኗ አየች። ሕፃኗ ልጅ መወርወሪያው እንዳይፈናጠር የሚከላከል መሣሪያ አሰበች፤ ተሠራበትም። ከዚያ የሚገኝ ገንዘብም ሆነ መብት መኖሩን ግን አላወቀችም፤ የነገራትም አልነበረም።

በ1867 ማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የወረቀት ከረጢት በሚሠራ ኩባንያ ተቀጠረች። በዚያን ጊዜ በመኪና የሚሠራው ከረጢት እንደ ፖስታ ጠፍጣፋ ነበር፤ ዕቃ ሲከቱበት አይቆምም። ከታች ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለውን፣ እኛ ዛሬ ዳቦና ቡና የምንገዛበትን ዓይነት ከረጢት መሥራት ይቻል ነበር፤ ግን በእጅ፣ አንድ በአንድ እየታጠፈ። ናይት ወረቀቱን ራሱ የሚቆርጥ፣ የሚያጥፍና የሚያጣብቅ መኪና መንደፍ ጀመረች። ቀን ትሠራለች፤ ሌሊት ትሥላለች። ያሰበችውን ሁሉ በማስታወሻዋ ትጽፋለች። ከእንጨት የሠራችው ናሙና እየተንገጫገጨም ቢሆን ከሺህ በላይ ከረጢት አወጣ።

ፓተንት ለማግኘት የብረት ናሙና ያስፈልግ ነበርና ቦስተን ወደሚገኝ የብረት ሥራ ቤት ወሰደችው። እዚያ መኪናው ሲሠራ ቻርልስ አናን የተባለ ሰው እየመጣ ያየው ነበር። ናይት ማመልከቻዋን ይዛ ስትቀርብ መብቱ ቀድሞ ለአናን ተሰጥቶ አገኘችው።

አቤት አለች። በዚያ ዘመን ሴት በምርጫ ድምፅ አትሰጥም፤ በብዙ ቦታ በዳኝነት ወንበር አጠገብ አትደርስም። ክርክሩ በዋሽንግተን ለ16 ቀናት ተካሄደ። ለጠበቃዋ በቀን 100 ዶላር ትከፍል ነበር፤ ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚቀመስ ገንዘብ አልነበረም። የብረት ሠራተኞቹን፣ አብረዋት የሠሩትን፣ ከዓመታት በፊት ሥዕሎቿን ያዩትን ሰዎች ምስክር አድርጋ አቀረበች። ማስታወሻዋን፣ ንድፎቿን፣ የወረቀት ናሙናዎቿን ዘረጋች። ፍርዱ ለሷ ሆነ፤ በሐምሌ 1871 ፓተንቱ በስሟ ተጻፈ። ከዚያም ከአንድ ሸሪክ ጋር በሃርትፎርድ የወረቀት ከረጢት ኩባንያ አቋቋመች።

ናይት አላገባችም። ከሃያ የሚበልጡ ፓተንቶች አስመዝግባ፣ በስተእርጅናዋም ስለ ሞተር እያሰበች፣ በ1914 አረፈች። ትታው ያለፈችው ሀብት ግን ከ300 ዶላር በታች ነበር። ከረጢቷ ዓለምን ሞላ፤ ኪሷን ግን አልሞላም። መኪናዋ የታየበት ናሙና በዋሽንግተን ስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል።

*

ሌላዋ ጆሴፊን ኮክሬን ናት። እሷ እንደ ናይት ከፋብሪካ አልመጣችም፤ በኢሊኖይ ግዛት በሼልቢቪል ከተማ እንግዳ የማይለየው ቤት እመቤት ነበረች። ከቅድመ አያቶቿ አንዱ በእንፋሎት የሚሄድ ጀልባ በመሥራት የታወቀው ጆን ፊች ነው። ከዘመን ዘመን ሲወርስ የመጣ የሸክላ ዕቃዋን ሠራተኞቿ ሲያጥቡ እየሸረፉ ቢያስቸግሯት፣ ራሷ ማጠብ ጀመረች፤ ያም ሲሰለቻት የሚያጥብ መኪና ሰው ካልሠራ እኔ እሠራለሁ አለች። ሳህኑንና ሲኒውን ለካች፤ በየልካቸው ከሽቦ ማስቀመጫ አበጀች፤ በመዳብ ጋን ውስጥ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ደረደረቻቸው፤ ፍል ውኃና ሳሙና ከታች በግፊት እንዲረጭባቸው አደረገች።

የእመቤት ጨዋታ ይመስል ነበር። በ1883 ባሏ ሞተና ዕዳ ትቶላት ሄደ። ጨዋታው የኑሮ ጉዳይ ሆነ። ጆርጅ በተርስ የተባለ መካኒክ ረዳት፤ ከቤቷ ጓሮ ባለ የእንጨት ማከማቻ ሆነው ሠሩት፤ በታኅሣሥ 1886 ፓተንቱን አገኘች። የምትቀጥራቸው ባለሙያዎች እሷ ባለችው መንገድ ሠርተው አያውቁም ነበር፤ መጀመሪያ በራሳቸው መንገድ ሞክረው ካልተሳካላቸው በኋላ ነው የሷን የሚሰሙት። የጠፋው ጊዜና የባከነው ገንዘብ ግን የሷ ነበር።

ከባልቴቷ ታሪክ ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው አንድ ነገር ነው። ለመጀመሪያ ደንበኞቿ ለመሸጥ ወደ ቺካጎ ትልልቅ ሆቴሎች ሄደች። በዚያ ዘመን ጨዋ ሴት ያለ ባል ወይም ያለ አባት ሆቴል አትገባም። ኋላ ስታወሳው፣ በሕይወቷ እጅግ ከከበዷት ነገሮች አንዱ የአንዱን ሆቴል የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ብቻዋን ማቋረጡ እንደነበር ተናግራለች። አዳራሹ አንድ ምዕራፍ መንገድ የሚሰፋ መስሎ ታያት። ግን ተሻገረችው፤ 800 ዶላር የሚያወጣ ትእዛዝም ይዛ ወጣች። በ1893 በቺካጎው የዓለም ትርዒት ላይ መኪናዋ ተሸለመ፤ በትርዒቱ ምግብ ቤቶችም ሲሠራ ታየ። ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ገዙት። የቤት እመቤቶች ግን ዋጋው አልቀመስ ስላላቸውና በየቤቱ ያን ያህል ፍል ውኃ ስላልነበረ በዘመኗ አልገዙትም። በ1913 ሞተች። ኩባንያዋ በ1926 ሆባርት ለተባለው ድርጅት ተላለፈ፤ ኋላ ኪችንኤይድ በሚለው ስም በየማድ ቤቱ የገባው የዕቃ ማጠቢያ ከዚያ ሥር የበቀለ ነው። የጸጥታው ፍርድ ዘግይቶም ቢሆን መጣ፤ ናይትም ኮክሬንም በ2006 በአሜሪካ የፈልሳፊዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

*

ሦስቱን ሴቶች ጎን ለጎን ሳቆማቸው አንድ ነገር አስተዋልኩ። ናይት አላገባችም። ኮክሬን ፈጠራዋን ያስመዘገበችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ማንጋኖ መወልወያዋን የሠራችው በተፋታች ማግስት ነው። ሦስቱም በሰነዱ ላይ ስማቸውን ሲያኖሩ ከበላያቸው የባል ስም አልነበረም።

ይህ እንዲያው ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ቢያንስ ለሁለቱ። በ1790 የወጣው የአሜሪካ የፓተንት ሕግ ሴትን አይከለክልም። ሜሪ ኪስ የተባለች የኮኔቲከት ሴት የስንዴ አገዳን ከሐር ጋር ጎንጉኖ ባርኔጣ ለመሥራት ለሚያገለግል ብልሃት በ1809 በስሟ ፓተንት ተቀብላለች። (ሰነዱ በ1836 የፓተንት ጽሕፈት ቤቱን ባወደመው ቃጠሎ ጠፍቷል።) ከልካዩ ሌላ ሕግ ነበር። ያገባች ሴት ንብረቷና ደመወዟ የባሏ ነበር፤ ውል መፈራረም፣ መክሰስም ሆነ መከሰስ በስሟ አትችልም። ይህ ሕግ መላላት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ኒው ዮርክ ለምሳሌ በ1848 ያወጣችውን በመሳሰሉ አዋጆች ነው። እንግዲህ የፈጠራ መብቱ በሯን ቢከፍትላትም፣ የትዳሩ ሕግ ከውስጥ ይቆልፈው ነበር። የስንቷ ሴት ሐሳብ በባሏ ስም እንደተመዘገበ ማን ይቆጥረዋል?

አበሻና ፈረንጅ፣ ባሕር ሳያገናኛቸው፣ አንድ ተረት ተርተዋል ማለት ነው። እኛ በአፍ ያልነውን እነሱ በሕግ ጽፈውታል።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን ግን የመወልወያን ነገር ልጨምር። ፈጠራ በጾታ የተከፈለ ርስት አይደለም። በ1893 ውኃውን የሚጨምቅ መወልወያ በአሜሪካ ያስመዘገበው ቶማስ ስቱዋርት ወንድ ነው፤ ከባርነት መሻር ወዲህ ገና አንድ ትውልድ ባለፈበት ዘመን የኖረ ጥቁር አሜሪካዊ። በ1956 ደግሞ ስፔናዊው መሐንዲስ ማኑኤል ሀሎን ረጅም እጀታ ያለውን መወልወያ ከመጭመቂያ ባልዲው ጋር ለአገሩ ገበያ አቅርቧል፤ የስፔን ሴቶችን ከተንበረከኩበት ያስነሣ ሰው ተብሎ ይወደሳል። ዕውቀት ለሁሉም ተሰጥቷል። የተነፈገው ሌላ ነገር ነው፤ «ይህ የኔ ነው» ብሎ መናገር፣ ተናግሮም መታመን።

*

ወደ ፊልሙ ልመለስና አንድ ነቀፌታና አንድ ምስጋና ላቅርብ። ነቀፌታዬ ብቸኝነትን ማግነኑ ነው። ጀግናዋ ጸጉሯን ቆርጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ታሸንፋለች። የናይት ታሪክ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። እሷን ያዳኗት ምስክሮቿ ናቸው፤ ያዩትን አየን ያሉ የብረት ሠራተኞችና የሥራ ባልደረቦች። በአገራችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ነው። አንዲት ሴት እውነቷን ይዛ ብትቆም፣ «አዎን፣ እኔም አይቻለሁ» የሚል ሰው ከሌለ እውነቷ ከጉሮሮዋ አይወርድም።

ምስጋናዬ ደግሞ ወረቀቱን በማክበሩ ነው። ፊልሙ መሣሪያ አያማዝዝም፤ ቁልፉ ፋክቱር፣ ውል፣ ደረሰኝና ንድፍ ነው። ጆይን ያዳናት አንድ በአንድ ያገላበጠችው ሰነድ ነው፤ ናይትን ያዳናት በሌሊት የጻፈችው ማስታወሻ ነው። ኩራዝ አብርቶ፣ ከደከመ ሰውነት ጋር ታግሎ፣ ቀን ጽፎ ያሰቡትን ማስፈር የድሆች ምሽግ ነው። ቃል ይረሳል፤ ወረቀት ግን እስከ ሸንጎ ይደርሳል።

አሁን ወደ ተረቱ። በቋንቋችን «አለቀ» የሚለው ቃል እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሥራው አለቀ ስንል ተፈጸመ፣ ተሟላ ማለታችን ነው። እህሉ አለቀ ስንል ደግሞ ተሟጠጠ፣ ጠፋ ማለታችን ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው የተረቱት ሰዎች የፊተኛውን አስበው ይሆናል፤ ሴት ብታውቅም ዕውቀቷን ለፍጻሜ የሚያበቃው ወንድ ነው ለማለት። እኔ ግን ታሪኩን ካነበብኩ ወዲህ የሚሰማኝ ሁለተኛው ነው። የናይት ዕውቀት በቻርልስ አናን እጅ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። የስንቶቹ ዕውቀት በስንቶቹ እጅ አለቀ? አንዳንዱ በሌባ እጅ አለቀ፤ አንዳንዱ በሕግ አለቀ፤ አንዳንዱ ደግሞ በሣቅ አለቀ።

የእናቴ በሣቅ አለቀ። ያ እንጨትና ጆንያ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልታየም። እናቴ ወደ ጉልበቷ ተመለሰች፤ እንግዳ ሲኖር ደግሞ ሳይነጋ ተነሥታ ትወለውል ነበር። ስቀው የነበሩት ልጆች ረስተውታል። እኔ ግን በአንድ ፊልም ምክንያት አስታወስኩ፤ የሚጠቅማት ጊዜ ካለፈ በኋላ አስታወስኩ። ለናይት የመሰከሩላት ሰዎች ያዩትን በጊዜው ተናገሩ። እኔም አይቼ ነበር፤ የመጀመሪያው ምስክር እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን ቃሌን በወረቀት ላይ ላኑር። እናቴ ቆማ የምትወለውልበትንና ውኃውን በማዞር የሚጨምቀውን መሣሪያ ከመጥረጊያ እንጨት፣ ከጆንያና ከሽቦ ራሷ አስባ፣ ራሷ ሠርታ፣ ራሷ ተጠቅማበት አይቻለሁ። ማንም አላሳያትም፤ ከማንም አልወሰደችም። ይሠራ ነበር።